እትዬ ሁለት ባላ እና የግራው ሰሌዳ

ተማሪዎቻቸው «ሁለት ባላ» እያሉ የሚጠሯቸው እትዬ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ከነበሩት እናታቸው መስከረም 3 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ከአገር ወጥቶ እንግሊዝኛ ወደሚነገርበት ወደዚህ ከተማ መጣ። አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ሳያውቁ ትምህርት ቤት ገብተው ዓመቱን ሙሉ ከኋላ ወንበር አፋቸውን ለጉመው ተቀመጡ። መምህሩም በውጤት ካርዳቸው ላይ «ልጅቷ ዘገምተኛ ናት» ብሎ ጻፈ። ካርዱን እስከ ዕለተ ሞታቸው አልጣሉትም።

ታናሽ ወንድማቸው ትምህርት ሲጀምር ያ ዕጣ እንዳይደርስበት ብለው፣ ከትምህርት መልስ በአባታቸው መቁረጫ ጠረጴዛ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ ያስጠኑት ጀመር፤ በግራ በቤት ቋንቋ፣ በቀኝ በእንግሊዝኛ። ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ወጣ።

በ1968 ዓ.ም. መምህርት ሆኑ። በ1972 ዓ.ም. ከአውቶቡስ ሾፌር ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ አፈሩ። በ1979 ዓ.ም. በክፍላቸው ግድግዳ ላይ ሁለት ሰሌዳ አሰቀሉ። በቀኙ ሰሌዳ የተደናገረ ልጅ ወደ ግራው ሄዶ በቤቱ ቋንቋ ያስረዳል፤ ማንም አይስቅበትም። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ማለት ያበዙ ስለነበር ቅጽል ስማቸው ከዚያ ወጣ። ነፍሳቸውን ይማርና ባለቤታቸውም ጭቅጭቅ ሲነሳ ወደ ግራው ሰሌዳ እንሂድ እያሉ ያስቋቸው ነበር።

እኚያ ወንድማቸው በ2005 ዓ.ም. የዚያው ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ሆኑ። ልጆች በሁለት ቋንቋ ሲማሩ ወደኋላ ይቀራሉ፣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ብቻ ይሁን አሉ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ ፊደል የቆጠሩ ሰው ያጎረሳቸውን እጅ ነከሱ! ወላጆች ግን ከጎንዎ ነን ብለው እትዬ ቤት ድረስ እየመጡ ምለው ነበር። ግንቦት 2008 ዓ.ም. በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ወላጆች እጅ አውጥተው ድምፅ ሲሰጡ አርባ አንዱ ከርዕሰ መምህሩ፣ ሦስቱ ከእትዬ ጋር ሆኑ። ሰኞ ጠዋት አናጺ መጥቶ የግራውን ሰሌዳ ነቀለው። እትዬም በዚያው ሰኔ ጡረታ ወጡ።

እስኪሞቱ ድረስ ወንድማቸውን ብቻ ሲወቅሱ ኖሩ። ከአርባ አንዱ እጅ አንዱ የእኔ፣ የገዛ ልጃቸው፣ ነበር። ከኋላ ስለተቀመጥኩ አላዩኝም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። ልጄ ከጓደኞቹ እንዳያንስ ፈርቼ ነው። ቤት ውስጥም እንግሊዝኛ ብቻ ይነገር የሚል ደብዳቤ ከትምህርት ቤቱ ሲመጣ እሺ ብዬ ታዘዝኩ።

በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ። ከሕመሙ በኋላ እንግሊዝኛው ጨርሶ ጠፋባቸው፤ የቀረላቸው የእናታቸው ቋንቋ ብቻ ነበር። ሚያዝያ 9 ቀን ሐኪሙን ላነጋግር ወጣ ባልኩበት፣ የልጄን እጅ ይዘው ብዙ ነገር ነገሩት። ስመለስ አርፈዋል። ምን እንዳሉት ልጄን ብጠይቀው እያለቀሰ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ፤ አያቴ ረጅም ነገር ነገረችኝ፣ አንዱም አልገባኝም አለ።

እትዬ አንዲት ልጅ፣ አንድ የልጅ ልጅና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ሦስታችንም ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠናል፤ ከሦስታችን አንዱ ግን ይህ የሕይወት ታሪካቸው በቋንቋቸው ሲነበብ አይገባውም።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ጠርቶ ያሳርፍልን። ለልጄ ያልገባውን ቃላቸውን እሱ ፈጣሪ ሰምቶታልና፣ እሱ ያኑርልን።