ዳገቱን የወጣው የጭነት መኪና ነው

ጎማው ወዳጄ፣

እሁድ «አንበሳ!» ብለህ ላጨበጨብክለት የዳገት ሪከርድ ጭብጨባህን መልሰው። ዳገቱን የወጣው የጭነት መኪና ነው። ግማሽ መንገድ ላይ ሰንሰለቴ ተበጠሰና አንድ ጡብ የጫነ ሹፌር ከነሳይክሌ አሳፍሮ ወሰደኝ። የዳገቱን ሰዓት የሚመዘግበውን የስልኬን መተግበሪያ ማጥፋት ረስቼ ነበር፤ እሱ ምን ያውቃል፣ አንደኛ አድርጎኝ ቁጭ!

ዛሬ ሰንሰለቱን ላሠራ ሳይክል ጥገና ቤት ስገባ የሰፈሩ ሳይክል ነጂዎች አንድ ስልክ ከበው የዳገቱን አዲስ አንደኛ ይራገማሉ። ሦስት ዓመት ሙሉ አንደኛ የነበሩት የሰፈሩ ፖስተኛ ናቸው፤ ስልሳ ሊሞላቸው ምንም ያልቀራቸው ሴትዮ። ጉልበታቸውን እያሹ «ነገ ማልጄ ሪከርዴን ካላስመለስኩ ምን አለች በሉኝ!» አሉ። እኔስ ምን አልኩ? «ጉድ እኮ ነው እትዬ!» ከዚያ ጥግ ይዤ ሪከርዱን ልሰርዘው ስልኬን አወጣሁ፤ ሰፈሩ ከማያውቀው የመተግበሪያ ስሜ ጎን ያለችውን የአንደኝነት ዘውድ ሳያት ደግሞ አሳሳችኝና ተውኩት።

ድሮ እኛ ሳይክል የምንነዳው ዳቦ ለመግዛት ነበር። አሁን አንተ ሰዓቱ ይመዝገብልህ እንጂ ዳቦው ቢረሳም ግድ የለህም።

ቦታ አለቀብኝ። እናትህን ሳምልኝ፤ እህቴንም ደህና ነው በላት። ለእትዬ ፊት ለፊት መናገር ስላቃተኝ ይህን ካርድ እንዲልኩልህ በእጃቸው ነው የምሰጠው። ፖስታ የለውም፣ ያነቡታል።

ያንተው ሌባ

(በካርዱ ጠርዝ፣ በሌላ ሰው የእጅ ጽሑፍ)
አንብቤዋለሁ። ሌባህ ዘውዷን አሁኑኑ ይሰርዛል፤ ነገ ማለዳ ደግሞ ዳገቱን ከኋላዬ ይወጣል፣ ያለ መኪና። እናትህን ለእኔም ሳምልኝ። ፖስተኛዋ