ከረሜላውን ትፋው ያልሽኝ እሑድ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እታለም? ለፈተና የሄድሽባት ካርዲፍ እንዴት ይዛሻለች? ዝናቡ እንደኛው ያለ ነው ወይስ የትልቅ ከተማ ዝናብ ትንሽ ጨዋነት አለው? ምግብስ ትበያለሽ? የቆርቆሮ ባቄላ ምግብ ተብሎ አይቆጠርም፣ እሱን ቀንሰሽ መልሺልኝ። እኛ ደህና ነን። አባባ ደህና ነው። የመዘምራኑ መሪ «ድምፅህን ትንሽ ዝቅ አድርግ» ቢለው አኩርፎ ሁለት ማክሰኞ ቀርቶ ነበር፤ ያለ እሱ መዝሙሩ አምሮ መዋሉን ሲሰማ ግን ደንግጦ ተመለሰ። ድመትሽ አልጋሽን ወርሳለች። የእኔን ጤና ከታች እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ፖስታው። ይህን ደብዳቤ የምልከው በቀርፋፋው ቴምብር ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ሳጥን ውስጥ ብጥለው ከቅዳሜ በፊት አይደርስሽም፣ ፈተናሽ ደግሞ ዓርብ ነው። ድንገት ፖስተኛው ትጋት ከያዘው ብዬ በጀርባው ላይ «ከፈተና በፊት የከፈተ ፀጉሩ ይርገፍ» ብዬ ጽፌበታለሁ። እርግማኑ አድራሻ ሳይሳሳት አልቀረም፤ ለምን እንዳልኩ ታውቂያለሽ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ።

እንግዲህ ፈተናው አልቋል። አሥሩንም የፈተና ክፍል ገብተሽ ወጥተሻል፣ በሽተኛ መስለው የተቀመጡትን አሥሩንም የውሸት በሽተኛ መርምረሻል። እለፊ ወይ ውደቂ አላውቅም። እኔ የማውቀው ስትለማመጂ ያየሁትን ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላኝ ከትምህርት ቤት ወጥቼ ጎማ ጥገና ቤት የተቀጠርኩ ሰው ስለ ትምህርት ብናገር ትስቂብኛለሽ፣ ግን የአንቺን ትምህርት ያለ ውዴታዬ ተምሬዋለሁ።

እሑድ እሑድ ምሳ ከተነሣ በኋላ፣ አባባ ራግቢውን ድምፁን አጥፍቶ ሲያይ፣ አንቺ ወጥ ቤቱን ሐኪም ቤት ታደርጊው ነበር። ከውጭ ቆመሽ በሩን ታንኳኪያለሽ፣ የራስሽን ወጥ ቤት! እጅሽን ትታጠቢያለሽ። ከዚያ በዚያ በፋርማሲ ድምፅሽ «ፋርማሲስት ነኝ፣ መርምሮ መድኃኒት ማዘዝ እየተማርኩ ነው፤ ማን ብዬ ልጥራዎት?» ትያለሽ፤ አንድ እናት የወለደችንን! እኔም አንድ ቀን የሰባ ሁለት ዓመት ባልቴት ነኝ፣ አንድ ቀን አውራ ጣቱ ያበጠ ቄስ ነኝ። እርጉዝ የሆንኩ ዕለት ትራሱ ከሹራቤ ሥር ወድቆ «ወለድኩ፣ እንኳን ደስ ያለሽ» ስልሽ በዚያች የእንጨት ምላስ መጫኛ ግንባሬን መታሽኝ። «አንተ ቀልማዳ፣ እኔ እኮ በዚህ ነው የምፈተነው!» አልሽ። አባባም ከሳሎን ሆኖ «ሴት ነው ወንድ?» ብሎ ጮኸ።

ስትጨርሺ ደግሞ ሦስቱ ጥያቄዎች አሉ። የምትከታተልሽ ሐኪም፣ ዶክተር አንጋራድ፣ እነሱን የዘለለ ተማሪ በሽተኛውን አላየውም ብላሽ በደብተርሽ ሽፋን ላይ ጽፈሻቸዋል። «ያመመኝ ምንድነው ብለህ ታስባለህ? ከሁሉ በላይ የምትፈራው ምንድነው? ከእኔስ ምን ትጠብቃለህ?» እኔ ሁልጊዜ የምመልሰው አንድ ነው። ያመመኝ አንቺ፣ የምፈራው ያንቺን ሾርባ፣ የምጠብቀው ሻይ ከብስኩት ጋር። አንቺም «መልስ ሳይሰጥ ቀርቷል» ብለሽ ትጽፊያለሽ።

ከገና በኋላ ያለውን እሑድ ታስታውሻለሽ። የጉሮሮ ሕመም ተራ ነበር። እኔ ያንን ትልቁን የአዝሙድ ከረሜላ ከምላሴ ሥር ወሽቄ ጠበቅሁሽ። ከአገጬ ሥር ስትዳስሺ ጣትሽ ቆመ፣ ፊትሽ ነጣ። «መቼ ነው የጀመረህ?» ስትዪኝ ከረሜላውን ሳህኑ ላይ ተፋሁት። ሳቅኩ። አንቺ ግን ወጥተሽ ጓሮ ቆምሽ፣ ዝናቡ ላይ። ስትመለሺ ዓይንሽ ቀልቶ «እንዲህ ያለ ነገር አይቀለድበትም» አልሽኝ። ይቅርታ አልጠየቅሁሽም። አሁን እጠይቅሻለሁ። ያኔ ጠይቄሽ ቢሆን ኖሮ ይህ ደብዳቤ ላያስፈልግ ይችል ነበር።

ከሰባት እሑድ በፊት የሆነውን ልንገርሽ። አሁንም የጉሮሮ ተራ ነበር፣ አንገቴን ስትዳስሺ ያንኑ አገኘሽ። በግራ በኩል ከአገጬ ዝቅ ብሎ። በዚያ ቀን አፌ ውስጥ ምንም አልነበረም።

አንቺ ግን አልደነገጥሽም። ፈገግ ብለሽ «ከረሜላውን ትፋው» አልሽ። እኔም «ዋጥኩት» አልኩሽ። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀልድ አፌ ላይ ቀድሞ ይደርሳል፣ እውነቱ ጫማውን እያሰረ ይቀራል። ከዚያ እንደ ሥርዓትሽ ጠየቅሽኝ፤ ሌሊት ያልብሃል? አዎ አልኩ። ከስተሃል? አዎ አልኩ። ይደክምሃል? ጎማ ማንሳት አቅቶኛል አልኩ። ሁሉም እውነት ነበር እታለም። ቀበቶዬን በወስፌ ሁለት ቀዳዳ ጨምሬበት ነበር፣ ከሹራቤ ሥር ስለሆነ አላየሽውም። አንቺም እያጨበጨብሽ «ዛሬ ገና በደንብ ተወንክ!» አልሽኝ። ከዚያም በደብተርሽ ላይ «በሽተኛው ምልክቶቹን አጋኗል» ብለሽ ስትጽፊ በትከሻሽ ላይ አየሁ።

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጠሽ ማልቀስ እንደምትጀምሪ አውቃለሁ። አሁን አታልቅሺ፣ ዋናው ነገር ገና ነው።

ደብተሩን ከመዝጋትሽ በፊት፣ በፈተና ሲረሳ ነጥብ ስለሚያስቀንስ፣ ለባልቴቷም ለቄሱም የምትይውን ለእኔም አልሽኝ። «ይህ እብጠት በሦስት ሳምንት ካልጠፋ፣ ወይም ላቡና ክሳቱ ከቀጠለ፣ እኔን አትጠብቅ፣ ሐኪም ጋ ሂድ። ምን እንዳልኩህ መልሰህ ንገረኝ።» እኔም መልሼ ነገርኩሽ፣ ቃል በቃል። ያን ጊዜ አልቀለድኩም። ለውሸት በሽተኛ ነበር የተናገርሽው፣ የሰማሽ ግን እውነተኛው ነው።

ሦስቱን ሳምንት ጎማ ቤቱ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ቆጠርኩት። አሠሪዬ ኢድዊን «አንተ፣ ከጎማውና ከአንተ የቱ ነው እየተነፈሰ ያለው?» እያለ ይስቅብኝ ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት መሳቁን ተወ። እኔም ሄድኩ። የከተማችን ሐኪም ቤት በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንደሚከፈት ታውቂያለሽ፣ አንቺም ለዚሁ ብለሽ ነው ይህን ትምህርት የጀመርሽው። ከወይዘሮ ፕሪዘርክ ቁስልና ከአንድ የሚያለቅስ ሕፃን ኋላ ተሰልፌ ገባሁ።

ዶክተር አንጋራድ አንገቴን ስትነካ «ከረሜላ ነው» አልኳት። አልሳቀችም። ሁለት ጣቷን እዚያው አቆየቻቸው። ቀልዴ ሳያስቅ ሲቀር ወንበሩ እንኳ ይቀዘቅዛል። «እህትህ አይታዋለች?» አለችኝ። «አላየችም» አልኩ። ከፈተናሽ በፊት እንዳትነግርሽ ለመንኳት። «የበሽተኛዬን ጉዳይ ለማንም አልናገርም፣ የምትነግራት አንተው ነህ» አለችኝ። ስለዚህ ባለፈው ሳምንት ደብተርሽን ስትፈርምልሽ ዓይንሽን ያላየችው ተቆጥታ አይደለም። እሷን አትቀየሚያት።

ከዚያ ወደ ትልቁ ሆስፒታል ላኩኝ፣ ከእብጠቱ ቁራጭ ወሰዱ። ፋሻውን በሻርፕ ሸፍኜ ስዞር «ፍቅር ይዞሃል፣ አንገትህን የነከሰችህ ማናት?» ብለሽ ስታበሽቂኝ ከርመሻል፤ እኔም ስም ጠርቼልሻለሁ። ያቺ ልጅ የለችም፣ አትፈልጊያት።

ውጤቱን ዛሬ ጠዋት ሰማሁ። ሰው ይዘህ ና ብለውኝ ነበር፣ ኢድዊንን ይዤ ሄድኩ። ጎማ ጎማ እየሸተተ ቆቡን እጁ ላይ ሲያሽከረክር ቆየ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ነገረኝ። ልጽፈው ሞክሬ ሦስቴ ሰረዝኩት፤ ወረቀቱ እኔ ጋ አለ፣ አንቺ ስታይው ታውቂዋለሽ። ስድስት ወር ሕክምና ነው አለኝ። ከሚድኑት ወገን ነው አለኝ። «በጊዜ መጥተሃል» አለ። ኢድዊንም «ፀጉሩስ?» ብሎ ጠየቀ። ሐኪሙ «ይረግፋል» አለ። የፖስታው እርግማን ለማን እንደደረሰ አሁን ገባሽ?

በጊዜ መጥተሃል ሲለኝ «እህቴ ናት የላከችኝ» አልኩት። ይህን እንድታውቂ ነው ይህን ሁሉ የጻፍኩት። እሑዱን በልብሽ መቶ ጊዜ እንደምታመላልሺው አውቃለሁ። ከረሜላውን ትፋው ያለችው አንቺ ነሽ፤ ሦስት ሳምንት ያለችውም አንቺ ነሽ። የመጀመሪያዋን ስታስቢ ሁለተኛዋን እንዳትረሺ። ያችን የደብተር ገጽ ቀደሽ አትጣይ፣ ከሥሯ የሆነውን ጻፊ። ከእንግዲህ አንድ ቀልማዳ ወደ ፋርማሲሽ ሲመጣ እየሳቅሽ ዳስሺው፣ ግን ዳስሺው።

አሁን ሦስቱን ጥያቄ ልመልስ፣ ስላልመለስኩ ነጥብ አስቀንሼሻለሁና።

ያመመኝ ምንድነው ብዬ አስባለሁ? እሱ ከወረቀቱ ላይ አለ።

ከሁሉ በላይ የምፈራው? መርፌውን አልፈራም። መላጣነትንም አልፈራም፤ የአባባን ራስ እያየሁ ነው ያደግሁት። የምፈራው በእኔ ምክንያት እጅሽ በሌላ ሰው አንገት ላይ እንዳይንቀጠቀጥ ነው። ይህን ትምህርት ትተሽ፣ ሰው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ እንዲታመም እንዳትተዪው።

ከአንቺ የምጠብቀው? ለዘመድ መድኃኒት ማዘዝ እንደማይፈቀድልሽ ራስሽ ነግረሽኛል፣ ስለዚህ መድኃኒት አልጠይቅሽም። ለአባባ ገና አልነገርኩትም። ስትመጪ አንድ ላይ እንንገረው፣ ራግቢው ካለቀ በኋላ። ሕክምናው የሚጀመረው ሰኞ ጠዋት ነው። ቅጹ ላይ «አብሮ የሚመጣ ሰው» የሚል ባዶ ቦታ ነበረ። ኢድዊን ብዕሩን ሲያቀብለኝ ሳልጠይቅሽ ያንቺን ስም ጻፍኩበት።

እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ በደህና ያግባሽ። ጣቶችሽን ይባርክ። ድመትሽን ከአልጋሽ ላይ አነሣታለሁ፣ አንሶላውንም እቀይርልሻለሁ፤ ትራስሽ ሥር ምንም አልደበቅሁም፣ በዚህ ግን ላታምኚኝ መብት አለሽ።

ማን ብዬ ልጥራዎት ላልሽውም፣

ታናሽ ወንድምሽ በይኝ።