ስለ መምህሩ የጽሕፈት መኪና፣ ለጽሑፍ ምርመራ ክፍል ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ ኃላፊ፤
ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ የቤተሰብዎን ደኅንነትና በተለይም ምንም የማያመልጣቸውን ዓይኖችዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ እለምናለሁ።

እኔ የጽሕፈት መኪና ጠጋኝ ነኝ። ስድስት ዓመት የደበቅኩትን ጥፋት ላስቀድም። ሰዎችዎ «የታሰሩት የት ናቸው?» የሚል ወረቀት ይዘው የማን መኪና እንደጻፈው ሊያጣሩ ሱቄ ሲመጡ፣ ከመስመር ዝቅ ያለችውን «መ» አይቼ የጎረቤቴ የመምህሩ መኪና መሆኑን አወቅሁ፤ የፊደሏን ብረት አጣምሜ የበየድኩት እኔው ነበርኩና። ፈርቼ ተናገርኩ። መምህሩ በማግስቱ ከሚያስተምርበት ክፍል ተወሰደ። ባለቤቴ ታማ ሳለች «አንተዬ፣ ምን ደብቀኸኝ ነው ዓይኔን የማታየው?» ብትለኝ ትራሷን አስተካከልኩላት። ሳታውቅ አረፈች።

ምስጋናዬ በተራ የሚከተለው ነው፦

፩ኛ. «ለቀና ትብብር» ብለው በመስታወት አስገብተው ስለላኩልኝ የምስክር ወረቀት። ጸሎት ላይ «በደላችንን ይቅር በለን» ከሚለው ስደርስ ምላሴን የሚይዘኝ እሱ ነው።

፪ኛ. የመምህሩ እናት በየሳምንቱ ወደ በርዎ የምትወስደው የምሳ ዕቃ ሁለት ዓመት ሙሉ ባዶውን፣ ያውም ታጥቦ እንዲመለስላት ስላደረጉ። «በልቶልኛል» እያለች ደስ ይላት ነበር። በኋላ «እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ ገብቶም አያውቅ» ስትባል፣ የበላው ማን እንደሆነ አለመነገሯ ከጨዋነትዎ ነው።

፫ኛ. እናቲቱ ፊደል ስላልቆጠረች ማመልከቻ የምታስጽፈው እኔ ዘንድ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ «ልጄ የት ነው?» ብዬ ተየብኩላት፤ አሥራ አንድ ጊዜ «ወንድምዬ፣ እጅህ ይባረክ» አለችኝ። ለአንዱም መልስ ባለመስጠትዎ ምርቃት በዝቶልኛል። ሱቄ ጭር ሲል፣ የሚነካት ሳይኖር ያቺ ዝቅ ያለች «መ» ስትመታ እሰማለሁ።

ባለፈው ሰኞ ደግሞ ሌላ ወረቀት ልከው የማን መኪና እንደጻፈው ጠይቀውኛል። ስላከበሩኝ አመሰግናለሁ፤ እንደታጠፈ መልሼዋለሁ።

ቀና ትብብሬን ዳግመኛ እንደማያገኙ በታላቅ ትሕትና እያረጋገጥኩ፣ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ፤
ታማኝ ጠቋሚዎ የነበረው ጠጋኝ

ይህን ሳልጽፍ እንዳልቀር፦ ትናንት ጠዋት እናቲቱ ለአሥራ ሁለተኛው ማመልከቻ መጣች። «ልጄን የጠቆመው ይህን የጻፈልኝ ሰው ነው፤ ምስክር ሆኖ ይጠራልኝ» ብዬ ከራሴ ጨምሬ ተየብኩ። መልስ ለመስጠት ሥራ ከበዛብዎ፣ እኔን ለመውሰድ ጊዜ እንደማያጡ ተስፋ አለኝ። ተይቤ እንደጨረስኩ ከወንበሬ ተነሥቼ፣ ፊቷ ቆሜ ማመልከቻውን ቃል በቃል አነበብኩላት።

«እስቲ ድገመው» አለችኝ።

ደገምኩላት።