ቅጠል ዳገት ሲወጣ

አትጠገብ፣

ሰባ ስምንት ዓመቴን ይዣለሁ። ጥርሴ ቆሎ አይፈራም። ሞፈሬን ራሴ እጠርባለሁ፤ ውሃም ከምንጩ ራሴ እቀዳለሁ፤ ሴቶቹ ይስቃሉ፣ ይሳቁ። ያቃተኝ በመርፌ ክር ማስገባት ብቻ ነው። እሱንም ጎረቤታችን እትዬ ውዴ አንድ ጊዜ ካስገባችልኝ ክሩን ረጅም አድርጌ አቆየዋለሁ። ከተለየሽኝ ይህ ሦስተኛው በልግ ነውና ምን ሆኖ ይሆን ብለሽ እንዳታስቢ ብዬ ነው ከዚህ የጀመርሁት። ፊደሌን ታውቂዋለሽ፤ መሠረተ ትምህርት አብረን ተቀምጠን አንቺ ነሽ ቀድመሽኝ ያነበብሽ። ያልገባሽን እለፊው።

ቤቱ ደህና ነው። ላሟ ጊደር ወለደች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አላት። መብራት ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ መጥቶ ቆሟል። የታችኛው ሜዳ ባሕር ዛፍ ሆነ፤ እንደምትጠዪው አውቃለሁ፣ እኔ ግን አልተከልሁም።

ዘንድሮ ይህን ቤት ለቅቄ ልወጣ ነበር። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት መንገዱ ክፍት ሆኖለት ልጃችን ደሳለኝ ከቡሬ መጣ። የእህል ንግዱ ይዞለታል፤ ወፍሯል። ከቤቱ ጀርባ አንድ ክፍል አሠርቶልኝ ኖሯል። አባ፣ የዳገቱን ማሳ ለእኩል አራሽ ይስጡትና ቡሬ ይግቡ፣ አንድ ቀን ትልም ውስጥ ወድቀው ነው የማገኝዎ አለኝ። በገዛ ማሳዬ ብወድቅ ማን ይከሰኛል አልሁት። ነገሩ ከረረና የነፍስ አባታችን ገቡበት። ዳገቱን እስከ ግንቦት ልደታ አርሼ ከጨረስሁ ልቆይ፣ ካልጨረስሁ ቡሬ ልገባ ተባለ። የእኔን ነገር ታውቂው የለ፣ ቶሎ ብዬ እሺ አልሁ።

ሰማዩን አላማከርሁትም። ጠዋት እንደ ታጠበ ገበታ ጠርቶ ይነጋል። ረፋድ ላይ ከሽንዲ በኩል ደመና ይነሣል፤ ቀትር ሲሆን ያጉረመርማል፤ በሬዬን ጠምጄ ስወጣ ጥሎኝ ወደ ደምበጫ ያልፋል። አንድ ቀን ከወንዙ ማዶ ዶፍ ሲወርድ በዓይኔ እያየሁ የኔ ማሳ ላይ አቧራ ይነሣ ነበር። ሌላ ቀን ደግሞ ፀሐዩም ዝናቡም አብረው መጡ፤ ልጆቹ ጅብ ወለደች እያሉ ጮኸው ሳይጨርሱ ካፊያው አበቃ። ማረሻው መሬቱን ነክቶ ይዘላል እንጂ አይገባም።

ዛፉ ግን ምን ልበልሽ፣ እንደኛ ዝናብ አይለምንም። መሬቱ ዐለት ሆኖ ሳለ ቅጠሉ ወጣ። ምሳ ይዘሽልኝ ስትመጪ ከማሳው ራስ ቆመሽ፣ ቅጠል ዳገት ይወጣል፣ ዛሬ ሾላው ጋ ደርሷል፣ ነገ ብሳናው ጋ ነው እያልሽ ትነግሪኝ ነበር። የሚያርስ ሰው ቀና አይልም፤ ቀና ካለ ትልሙ ይጣመማል። ስለዚህ ያን ሁሉ ዘመን በልግን በጆሮዬ ነው የማውቀው። ዘንድሮ ሥራ ፈትቼ ስቀመጥ በዓይኔ ያዝሁት።

እውነትም ይወጣል አትጠገብ። በመጀመሪያ ወንዙ ዳር ነው የለመለመው። ከዚያ ዋርካው፤ በዐቢይ ጾም አጥንቱ ገጥጦ የነበረው፣ ቅጠሉን እንደ አራስ ልጅ መዳፍ ጨብጦ ቀላ ብሎ አወጣና በሳምንቱ ዘረጋው። ብርብራው አበባውንም ቅጠሉንም ባንዴ ተሸክሞ ወጣ። ብሳናው ነፋስ ሲገለብጠው ጀርባው ብር ይመስላል። ግራሩን ከሩቅ ያየ አረንጓዴ ጭስ አረፈበት ይላል። እንዲህ ጉብታ ለጉብታ እያረፈ፣ እንደ ሽማግሌ መሳለሚ ድረስ ወጣ። ሁሉም አንድ አረንጓዴ አይደለም። አንቺ ይኸኛው የጎመን ነው፣ ያኛው የአብሽ ቡቃያ ነው፣ ይህ ደግሞ የጌሾ ነው እያልሽ ትለዪው ነበር፤ እኔ ሦስቱን ለይቼ አራተኛው ላይ ስም አጣሁ። ያንን ዓይን ከየት አመጣሽው? እናትሽ አትጠገብ ብላ ስም ስታወጣልሽ በሚያዝያ ይሆናል፤ በር ላይ ቆማ ዳገቱን እያየች።

በጊዮርጊስ ዋዜማ ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ወረደ። ለጋውን ቅጠል ይጨርሰዋል ብዬ ስሰጋ በሳው እንጂ አልጣለውም። መሬቱም ጠጣ። በማግሥቱ በዓል ነው፣ እንኳን በሬ ዶማ አይነሣም፤ ቁጭ ብዬ ፀሐይ እርጥበቱን ስትልሰው ዋልሁ። በበነጋው በጧቱ ጠመድሁ። ቀትር ላይ ከግማሽ በታች ስደርስ በሬዎቹ ቆሙ። ደክሟቸው ነው አልሁ። ግንድ ላይ ተቀምጬ ሰማዩን ባየው አንዲት ደመና የለም። ሁለት ቀን እንዲህ ከዋለ መሬቱ ተመልሶ ይደነድናል፣ እኔም ቡሬ ገባሁ ማለት ነው።

የታች ጎረቤታችን ምንይችል ከማሳው ሆኖ ያየኝ ኖሯል። የላይ ጎረቤታችንን ፈንታን ይዞ ሁለቱም በሬያቸውን እየነዱ መጡ። አያ ታከለ፣ እርስዎ ነዎት ዳገቱን የሚያርሱት ወይስ ዳገቱ ነው እርስዎን የሚያርሰው አለኝ። ለርኅራኄ ከሆነ የመጣችሁት በሬያችሁን መልሱ አልሁት። ማን አዘነልዎ፣ ወንፈል ነው አለኝ፤ የኛ ቀን ሲደርስ እርስዎ መጥተው ይሠሩልናል፣ ያኔ ወገቤን ቢሉ አንሰማዎትም። እንግዲያስ ግቡ አልሁ። ሦስት ጥማድ ሆነን ስናርስ ዋልን፣ በማግሥቱም ደገምነው። ምሳውን እትዬ ውዴ ይዛልን ወጣች። ዳገቱ አለቀ።

የልደታ ዕለት ሰፈሩ ዋርካው ሥር ንፍሮውን ይዞ ተቀምጦ ሳለ ደሳለኝ ደረሰ። ማሳውን አየው፤ የገበሬ ልጅ ነውና የሌላ ሰው ትልም ከአባቱ ትልም ይለያል። ይህ የእርስዎ እጅ አይደለም፣ ሰው አርሶልዎ ነው፣ ተረቱ አለኝ። ወንፈል ነው አልሁት። ይሄኔ ለእኔ አስቦ እጁን ኪሱ ከተተና፣ እንዲያ ከሆነ ወንፈሉን እኔ ልክፈልልዎ፣ የቀኑ ስንት ነው ብሎ ጠየቀ። ፈንታ ንፍሮውን እያኘከ፣ ለመሆኑ ቡሬ ላይ የወገብ ኪሎ ስንት ገባ ቢለው ሰፈሩ በሳቅ ወደቀ።

ልጁ ፊቱ ቀላ። አሳዘነኝ። ሁሉ ነገር በሚዛን ከሚያልፍበት ገበያ ውሎ የወንፈል ቀን በቀን እንጂ በብር እንደማይመለስ ረስቶታል። የነፍስ አባታችን ጢማቸውን ዳበስ አድርገው፣ እርዳታ የተቀበለ ይሂድ፣ ዕዳ የገባ ግን ሳይመልስ ከአገሩ አይወጣም ብለው ፈረዱልኝ። ደሳለኝም ሲስቁበት ቆይቶ ሳቀ። ቀኖቹን እኔ መጥቼ ልመልስልዎ አለኝ፤ በሬው ያንተን እጅ አያውቅም አልሁት። ከዚያ አጠገቤ ተቀምጦ ብዙ ጊዜ ዳገቱን አየ። ቅጠሉ የት እንደደረሰ የምትነግረን እማዬ ነበረች አለኝ። እኔም መሳለሚውን በጣቴ አሳየሁት።

እንግዲህ ያለብኝን ልንገርሽ፤ ማንም አይመልስልኝም፣ ሁሉንም ራሴ ነኝ የምመልሰው። ለፈንታ በሰኔ በሬዬን ይዤ የዳጉሳ ማሳውን ሁለት ቀን። ለምንይችል በኅዳር የጤፍ አጨዳ ሁለት ቀን፣ ማጭዴን ከአሁኑ ስዬዋለሁ። ለእትዬ ውዴ ለክረምት የሚበቃት እንጨት ፍልጥ። ለነፍስ አባታችን የቤተ ክርስቲያኑን አጥር አንድ ወገን።

ላንቺ ደግሞ፤ እኔ ትልሜን ሳይ አንቺ ስንት በልግ አይተሽልኛል። ይህም ወንፈል ነው። ቀኑ አሁን የእኔ ነው፤ ቀና ብዬ ላንቺ አያለሁ።

ታከለ