ጫማውን አሁን አትግዢው

ለእትዬ ኤቢሴ፣ ዱከም።

አካም ጂርታ እትዬ? ሰላምታዬ ከሰበታ ተነስቶ ፋብሪካሽ በር ድረስ ይምጣልሽ፤ ዘበኛው ከከለከለው አጥር ዘሎ ይግባ። እኔ ከጀርባዬ በቀር ደህና ነኝ።

እሱም ቢሆን ማክሰኞ ሊቃና ነው። ሐኪሙ «አጥንትህ እንደጎበጠ ደርቋል፤ ቆርጠን በብረትና በብሎን እናቀናዋለን» አለኝ። «የማይዝግ ይሁን ዶክተር፣ ሰበታ ዝናብ ይበዛል» ስለው ሳቀ። ከዚያ የእግሬን ጣቶች አንቀሳቅስ አለኝና እማዬን ለብቻዋ አነጋገራት። ምን አለሽ ብላት «ምሳ ይብላ አለ» አለችኝ። ምሳ የሚያዝ ሐኪም አይተሽ ታውቂያለሽ?

መቼም አንገቴን ደፍቼ ስለምሄድ ሰውን በጫማው ነው የምለየው። ትናንት የጎረቤታችን ልጅ ዱቤ የሚያደርገው ሸራ ጫማ ሲያልፍ አየሁና «አንተ ሰነፍ፣ ዛሬም ከትምህርት ቤት ቀረህ?» ብዬ ጮህኩበት። ለካ አባቱ ኦቦ ዲሪርሳ የልጁን ጫማ አድርገው ወጥተው ኖሯል! «ቀና ስትል እንገናኛለን» አሉኝ እየሳቁ። ሱሪዬን የሚሰፉልኝ እሳቸው ናቸው፤ ቁመቴ ስለሚጨምር እግሩን አስረዝመውታል።

አንቺ ቃል የገባሽልኝን ጫማ ግን አሁን አትግዢው። ከማክሰኞ በኋላ ጣቶቼ ከተንቀሳቀሱ ይደርሳል።

ይልቅ እሁድ ራስሽ ነይ። እንደ ባለፈው ቆመሽ ጫማሽን ብቻ አሳይተሽኝ እንዳትሄጂ። ዱካዋን አውጥቼ እጠብቅሻለሁ፤ እሷ ላይ ዝቅ ብለሽ ተቀመጪልኝና ፊትሽን ልየው።

እስከ ማክሰኞ ጎባጣው ወንድምሽ፣
ኢፋ