የእማዋይሽ እጆች ፈቃድ ጉዳይ

ለክቡር የፈቃድ ክፍል ሹም
ጎንደር
ሐምሌ ፲፪ ቀን ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፤

ዝናቡ ከደጅዎ፣ ብርዱም ከአጥንትዎ ርቆ እንደ ሰነበቱ ተስፋ በማድረግ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ። እኔ ፊደልን ራሴን በራሴ አስተምሬ ፒያሳ በረንዳ ላይ ለሰው ማመልከቻ የምጽፈው ሰጠኝ ውድነህ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለእርስዎ ልኬ ግልባጩን በረንዳዬ ላይ የምለጥፈው፣ የክቡርነትዎ ደግነት ተደብቆ እንዳይቀር ብዬ ነው።

የምጽፈው ስለ አግዳሚ ወንበር ነው። በመሥሪያ ቤትዎ መተላለፊያ ያለው አግዳሚ አንድ እግሩ ስለሚያጥር፣ ዳር ያለው ሰው ተጠርቶ ሲነሣ የቀረነው ሁሉ ተንሸራተን ግድግዳው ላይ እንከመራለን። እኔና የእህቴ ልጅ እማዋይሽ ከጥቅምት ጀምሮ ስለተቀመጥንበት ጠባዩን ጠንቅቀን እናውቃለን። ከመንሸራተቱ ብዛት ከማናውቃቸው ሰዎች ጋር እንደ ዘመድ ሆነናልና ምስጋናዬ ይድረስዎ።

ሌላ ቅሬታ የለኝም። የበጠበጥሁት ቀለም እንዳይባክን ብቻ ጥቂት እጨምራለሁ።

ሁለተኛ፤ እማዋይሽ ወጌሻ ናት። ወገብ ታሻለች፣ ውልቃት ትመልሳለች፣ ስብራት ታስራለች። ለሥራው ፈቃድ ያስፈልጋል በተባለ ጊዜ እሷ ፊደል ስላልቆጠረች ማመልከቻውን የጻፍሁላት እኔ ነኝ። ጸሐፊዎ አቶ ዳኛው በእጇ የዳኑ ሦስት ሰዎች እንድታቀርብ አዘዙ። ሦስቱ በእግራቸው መጡ። አቶ ዳኛው ከላይ እስከ ታች አይተዋቸው፣ እነዚህ ጤነኞች ናቸው፣ ተሰብረው እንደነበር በምን ይታወቃል አሉ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ የሚያነክስ ሰው ብናመጣ ደግሞ፣ ይህማ አለመዳኑ ይኸው ይታያል ተብሎ ተመለሰ። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ በሌላ አገር እንደማይገኝ እመሰክራለሁ።

ሦስተኛ፤ ሙያውን ከማን እንደተማረች ተጠየቀች። ከእናቷ ከሸጋዬ ብትል፣ የአስተማሪዋ ፊርማ ይቅረብ ተባለ። እህቴ ሸጋዬ ካረፈች አምስት ዓመቷ ነው። በሕይወት ሳለችም ብዕር ጨብጣ አታውቅም፤ የጨበጠችው የሰው ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ብቻ ነበር። ይህንኑ ባስረዳ፣ የሚቻላችሁን አድርጉ የሚል መልስ ተሰጠኝ። ስለ ተስፋው አመሰግናለሁ።

አራተኛ፤ ፈቃዱ እስኪወጣ ድረስ የማንንም ገላ እንዳትነካ፣ ብትነካ ግን ማመልከቻዋ እንዲሰረዝና እንድትታሰር በአውራ ጣቷ አስፈርመው ግዴታ አስገቧት። ቀልዴ እዚህ ላይ ያልቅብኛል፤ ይቅር ይበሉኝ።

አያ አለነ የተባሉ የጭልጋ ገበሬ ሐምሌ ሦስት ቀን ሲያርሱ በሬው ደንብሮ ጎተታቸውና ቀኝ ትከሻቸው ወለቀ። በበቅሎ ተጭነው እኔ ቤት ወረዱ፤ ሐኪም ቤት እንውሰድዎ ብንላቸውም፣ የሸጋዬ እጅ አባቴን አድኗል፣ የልጇ እጅ ያድነኛል ብለው እንቢ አሉ። ይኸው ዘጠኝ ቀናቸው ነው። እማዋይሽ ሁለት እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከትታ እራስጌያቸው ትቀመጣለች። ትናንት እሳቸው ሲያቃስቱ አንድ እጇ ሳታስበው ወጥቶ ተዘረጋና መልሳ ሰበሰበችው። አያ አለነ ክልከላው ግራ ገብቷቸው፣ «ምነው ልጄ፣ ትከሻው የኔ አይደለም?» አሏት። እሷም ተነሥታ ከቤት ወጣች። ተከትያት ብወጣ ዝናብ ላይ ቆማ፣ «አጎቴ፣ ሥጋው ቦታውን እየዘጋው ነው። ከእሑድ ካለፈ ማንም አይመልሰውም» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ እርሻው ጾም እያደረ ነው። ሰውየው ሌላ ቀኝ እጅ የላቸውም።

አምስተኛ፤ ሰው ደጄን ያንኳኳል። በዚህ ዶፍ ማን እንደሆነ እግዜር ይወቅ። ልክፈት።

ምንጊዜም ከአግዳሚዎ የማይርቅ፣ መሥሪያ ቤትዎን ከገዛ ቤቱ ይበልጥ የለመደ ታዛዥዎ፣
ሰጠኝ ውድነህ

ተጨማሪ ቃል፤ የመጣው ተላላኪዎ በላቸው ነው። ፈቃዱን ይዞ መጣ። ማኅተሙ ሸጋ ነው፤ ፊርማውም ያምራል። ማሸትና ውልቃት መመለስ የተፈቀደው ግን «ለአቶ ሰጠኝ ውድነህ» ነው። ማመልከቻውን የጻፈ ሰው ከግርጌ ስሙን እንዲያኖር ደንብ ስለሆነ አኑሬ ነበር፤ በዘጠኝ ወር ውስጥ ከግርጌው ወደ ላይ ያነበበ አልተገኘም። እኔ በዕድሜዬ የጠገንሁት ስብራት የጃንጥላዬ ዘንግ ብቻ ነው።

እማዋይሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ቅቤውን አሞቀችና፣ «እንግዲህ ባለ ፈቃዱ፣ ወገባቸውን ጠበቅ አድርገህ ያዝ» አለችኝ። ያዝሁ። እሷ ተረከዟን ብብታቸው ሥር አስደግፋ ክንዳቸውን ሳበች። ትከሻው ገባ፤ ክንዳቸው ግን ከደረታቸው በላይ አልነሣ አለ። በሁለተኛው ቀን ቢሆን ኖሮ ይነሣ ነበር ብላ ፊቷን አዞረች። እርፍ ይጨብጡበት እንደሆነ ገና አናውቅም። የሚጠየቅ ካለ ፈቃዱ የኔ ነውና የሚታሰረው እኔ ነኝ።

ስሙን እስከ ቅዳሜ ወደ እማዋይሽ እንዲያዛውሩልኝ እለምናለሁ። ባይመችዎ ግን አይጨነቁ። ወገብዎ ክፉኛ እንደሚያሳቃይዎ በላቸው አጫውቶኛል፤ ቅዳሜ ጠዋት ቅቤዬን ይዤ ከቤትዎ እደርሳለሁ። በማኅተምዎ ለተፈቀደለት ወጌሻ ጀርባዎን እንደማይነፍጉት እርግጠኛ ነኝ።