በቴሌቪዥኑ ላይ የቀረው ጥላ

እታለም፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ቀለል አለሽ ወይስ ደረጃ መውጣት አሁንም ይከብድሻል? ባለቤትሽስ፣ ሥራው እንዴት ይዞታል? ልጅሽስ ከተመረቀች ወዲህ ሥራ አገኘች? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው። ደህና ያልሆነው ፊቴ ነው፤ ለሰው ማሳየት አፍሬያለሁ።

ነገሩ የላክሽልን ቴሌቪዥን ነው። የልጅሽን የምርቃት ቪዲዮ ካገኘች ወዲህ እማዬ ሌላ ነገር ማየት ትታ ነበር። ልጅቷ ባርኔጣዋን ይዛ የምትስቅበት ላይ ሲደርስ ታቆመውና ሽንኩርቷን እየላጠች ታዋራታለች። «ከስተሻል፣ አትበይም እንዴ?» ትላታለች። በዚህ ዓይነት ስክሪን ላይ የማይንቀሳቀስ ምስል ለረጅም ሰዓት ከቆመ ጥላው ታትሞ እንደሚቀር አውቃለሁ። ብርሃኑን ቀነስኩ፤ ምስሉ ቆሞ ሲቆይ ስክሪኑ ራሱ እንዲጠፋ አደረግሁ። አልበቃ ሲለኝ ወደ ፋብሪካ ስሄድ ሪሞቱን ኪሴ ከትቼ መውጣት ጀመርኩ። የዕቃ ጥራት ስቆጣጠር የምውል ሰው፣ እናቴንም እንደ ዕቃ ተቆጣጠርኳት።

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቶቿ እኛ ቤት ተሰብስበው ሳለ ስክሪኑ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አየሁ። ደሜ ፈላ። «ስንቴ ነገርኩሽ! ልጅሽ የላከችልሽን ዕቃ አቃጠልሽው!» ብዬ ጮኽኩ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን «ኧረ ቀስ ጋሼ፣ እናት እኮ ናት» ብትለኝ እሷንም «አንቺ መርፌሽን ያዢ» አልኳት። እማዬ «የልጅ ልጄን አየሁ እንጂ የማንን በር ሰበርኩ?» አለችና ሻርፗን አንስታ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ወጣች። እስከ ዛሬ እዚያው ናት።

እንደወጣች ጥፋቷን ፎቶ አንስቼ ልልክልሽ ስክሪኑን ሙሉ ነጭ አደረግሁት። ከታች ዳር እስከ ዳር የዜና ጽሑፍ የሚያልፍበት ሰንበር፣ ከላይ ጥጉ ላይ የጣቢያው ምልክት ቁልጭ ብለው ታዩኝ። ዜና የማየው እኔ ነኝ፣ እታለም። ከሥራ እንደገባሁ ከፍቼ ከዜና አንባቢው ጋር ስጨቃጨቅ አመሻለሁ፤ እንቅልፍ ሲጥለኝም አላጠፋውም። ሰዎቹ ሲንቀሳቀሱ አይቼ፣ ምልክቱ ከቦታው እንደማይነቃነቅ ልብ አላልኩም። የልጅሽ ፊት ይቆምበት የነበረው መሐሉ ግን ንጹሕ ነው።

በማግስቱ ልመልሳት ሄድኩ። በሩ ላይ ስደርስ ምን ብል ጥሩ ነው? «ቴሌቪዥኑ ተሠርቷል፣ ነይ እንሂድ» አልኳት። ውሸቴን ነው፤ እንዲህ ያለው ጥላ አይለቅም። እሷም «እንግዲያው ደግሜ እንዳላበላሸው አልመጣም» አለችኝ። ለቁጣ የሚፈጥን ምላሴ ለይቅርታ ተሳሰረ። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላም አላየችኝ።

ነገ ቅዳሜ ነው፤ ጎረቤቶቹ ልብስ ሰፊዋ ጋ ይሰበሰባሉ። ያዋረድኳት በሰው ፊት ነውና በሰው ፊት «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። አደራሽን፣ ቀድመሽ ደውለሽ አታማልጂኝ። እኔ ሳልናገር በአንቺ ልመና ከተመለሰች የእኔን ጥፋት ተሸክማ ነው የምትገባው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ እሱም ዜና ከፍቶ የመተኛት ዓመል ካለው ተው በይው። ትንሹን ልጅሽን ጉንጩን ሳሚልኝ። ለተመራቂዋ አጎትሽ ኮርቶብሻል በያት። ለእማዬ ግን ሰላምታሽን በእኔ በኩል አትላኪ፤ ቤት የለችም።

ወንድምሽ
ከእማዬ ሳሎን፣ ጥር ፲፬ ቀን